አክስቴን ከፊልሜ እንዴት ልቁረጣት?

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሀዋሳ የምማር የ3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለኮርስ ማሟያ አጭር ፊልም እየሠራሁ ነው። ታሪኩ ቀላል ነው። አንዲት እናት አሳ ልትገዛ ሐይቁ ዳር ወዳለው የአሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል ትወርዳለች። እዚያ ትምህርት ቤት ነው ያለው ብላ የምታስበውን ልጇን ጀልባ ላይ መረብ ሲጎትት ታየዋለች። እናትየዋን ሆና የተወነችው አክስቴ ናት። ቤቷን ለቀረጻ የሰጠችን፣ 4 ቀን ሙሉ ቡርሳሜ እየሠራች ያበላችንም እሷ ናት። አሁን ፊልሙ 19 ደቂቃ ሆነብኝ። መምህራችን ‹ከ8 ደቂቃ ካለፈ አላይም› ብሏል። ድምጹን የቀረጽነው በስልኩ ማይክ ስለሆነ አሞራ ገደል ላይ ንፋሱና ጫጫታው ንግግሩን ውጦታል። ከሁሉ የባሰው ግን አክስቴ ቤት ቁጭ ብላ እያለቀሰች የምትናገርበት ሲን ነው። ብቻውን 4 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይፈጃል። እሷ ደግሞ ያንን ሲን ለጎረቤት ሁሉ አውርታለች። ካሜራማናችን ‹ፋይሉ ተበላሸ በያት፣ በቃ› ይለኛል። ማስረከቢያው 12 ቀን ቀርቶታል። ምን ላድርግ? ግራ የገባኝ፣ ከሀዋሳ።»

እህቴ፣

መልስ ከመጻፌ በፊት ፊልሙን በቴሌግራም ላኪልኝ ብዬሽ ነበር። ከነተጨማሪ ማብራሪያሽና ጥያቄሽ ስለላክሽልኝ አመሰግናለሁ። ሁለት ጊዜ አየሁት። መጀመሪያ እንዳለ፣ ቀጥሎ ድምጹን ዘግቼ። አንቺም ኤዲት ላይ ሲጨንቅሽ ድምጹን ዝጊና እዪው። ታሪኩ በዓይን ብቻ ከገባሽ ፊልም አለሽ ማለት ነው። ያንቺ ገብቶኛል። 19 ደቂቃ ውስጥ ተደብቆ ነው እንጂ ፊልሙ አለ።

ከአክስትሽ ልጀምር። የከበደሽ እሱ ነውና።

የለቅሶውን ሲን አየሁት። አክስትሽ ጎበዝ ናት፣ እንባዋም የእውነት ነው። ግን የምትናገረውን ልብ ብለሽ ስሚው። «እኔ እኮ ተማሪ ቤት ያለ መስሎኝ» ትላለች። አሁን ከሐይቁ ዳር አብረናት አይተን መጣን እኮ! «አባቱ በሕይወት ቢኖር» ትላለች። አባትየው ፊልሙ ውስጥ የትም የለም፣ ፎቶው እንኳ ግድግዳ ላይ አልተሰቀለም። ተመልካች አንዴ የገባውን ነገር ደግመሽ ስትነግሪው ስልኩን ያወጣል። መምህርሽም ያወጣል።

አሁን ወደ 11ኛው ደቂቃ ሂጂ። ከ40ኛው ሰከንድ ጀምሮ እዪው። አንቺ ከካሜራው ጀርባ «ይበቃል!» ስትዪ ይሰማል። ካሜራማኑ ግን አላጠፋውም። አክስትሽ ቀረጻው ያለቀ መስሏታል። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረግ ታደርጋለች። ከዚያ ወደ ማንደጃው ዞር ስትል፣ እሷ ስታለቅስ ከሰሉ ሊጠፋ ደርሷል። «ውይ!» ትልና ማራገቢያውን ታነሳለች። አመዱ ብን ይላል። ፊቷን ወደ ጎን መለስ ታደርጋለች። ፍሙ ሲቀላ አገጯ ላይ ትንሽ ብርሃን ያርፋል። ጀበናውን ትጥዳለች። ይህ ሁሉ 14 ሰከንድ ነው። ሳትቆርጪው የቀረሽው ረስተሽው ይመስለኛል።

እንኳን ረሳሽው። ፊልምሽ እሱ ነው።

የዛሬ 100 ዓመት ገደማ ሌቭ ኩሌሾቭ የሚባል ሩሲያዊ የፊልም ሰው አንድ ሙከራ አድርጎ ነበር። የአንድ ተዋናይን ምንም የማይነበብበት ፊት ወሰደ። ያንኑ ፊት አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ ከሬሳ ሳጥን፣ አንዴ ከአንዲት ሴት ጋር እያስከተለ ቀጠለው። ያዩት ሰዎች ተዋናዩ ራብን፣ ሐዘንን፣ ምኞትን እንዴት አሳምሮ እንደተወነ አደነቁ ይባላል። ፊቱ ግን ሦስቱም ጊዜ ያው አንድ ፊት ነበር። ስሜቱን የፈጠረው ከጎኑ የተቀጠለው ምስል ነው።

አንቺም ይህንኑ አድርጊ። ልጁ መረብ ሲጎትት። እናትየዋ ከዳር ቆማ ስታይ። ከዚያ ምንም ሳትጨምሪ በቀጥታ ወደ ከሰሉ ቁረጪ። ያንን ሁሉ ጉድ አይታ የመጣች ሴት ዝም ብላ ከሰል ስታራግብ ተመልካቹ የሚያለቅሰውን ራሱ ያለቅሳል። «ይበቃል» የምትለው ያንቺ ድምጽ እንዳይገባ ብቻ ድምጹን አጥፊው፤ የማራገቢያውን ድምጽ ለብቻ ቀርጸሽ ትተኪዋለሽ። መጨረሻ ላይ ልጁ ሲገባ «ና ቁጭ በል፣ ቡና ደርሷል» የምትለው አለ አይደል? እሱ አይነካ። ከአሞራ ገደል በኋላ ከአፏ የሚወጣ የመጀመሪያው ቃል እሱ ከሆነ ምን ያህል እንደሚከብድ ራስሽ ታዪዋለሽ።

«ፋይሉ ተበላሸ» ስለሚለው ምክር ደግሞ አንድ ነገር ልናዘዝ። ሀዋሳ ውስጥ በአንድ ቪዲዮ ቤት ለዓመታት የሰርግ ቪዲዮ ስቆርጥ ኖሬያለሁ። አንድ ጊዜ ወደ ኮምፒውተር ያልገለበጥኩትን ሚሞሪ ካርድ በገዛ እጄ ፎርማት አደረግኩት። የመልሱ ቀን ሙሉ በሙሉ ጠፋ። ለሙሽራው ቤተሰብ «ካርዱ ራሱ ችግር ነበረበት» አልኳቸው። አመኑኝ። ከ2 ወር በኋላ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ በጨዋታ መሀል እውነቱን አወጣው። የሙሽራው እናት ቪዲዮ ቤቱ ድረስ መጡ። አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ ጠፋ ብትለኝ ኖሮ እኮ አዝኜ እተወው ነበር» ብለው ሄዱ። እስካሁን መንገድ ላይ ሳያቸው ባጃጅ ውስጥ እደበቃለሁ።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። በስልክ አትንገሪያት። ቤቷ ሂጂ። ፊልሙ ክፍል ውስጥ ከመታየቱ በፊት ሂጂ። ሰው በተሰበሰበበት እየጠበቀች እየጠበቀች ሲኑ ቢያልፋት፣ ያ ነው የሚሰብራት። «መምህሩ ነው ያስቆረጠኝ» ብለሽም አታሳቢ፣ ፊልሙ ያንቺ ነው። መጀመሪያ የከሰሉን 14 ሰከንድ አሳያት። ለምን እንደመረጥሽው ንገሪያት። የለቅሶውን ሲን ደግሞ ድምጹን አስተካክለሽ፣ ስሟን ጽፈሽበት፣ ለብቻው በፍላሽ ስጫት። ቲቪዋ ላይ ሰክታ ለጎረቤቶቿ ታሳይ። የተዋንያን ስም ሲወጣም የሷ ከላይ ይሁን። ትንሽ ልታኮርፍ ትችላለች። ታኩርፍ። 4 ቀን ያበላችሽ ሴት የማኩረፍ መብት አላት።

አሁን ወደ ቁርጡ። ቁጭ ብዬ ሰዓት ያዝኩልሽ። እናትየዋ ባጃጅ ተሳፍራ ከቤት እስከ አሞራ ገደል የምትሄድበት 2 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ነው። ከተማችን ታምራለች፣ ገብርኤልም ፒያሳም ዛፉም አልፏል፣ አይቻለሁ። ግን 6 ሰከንድ ይበቃል፤ ስትሳፈር፣ ስትወርድ። መጀመሪያ ላይ ከእንቅልፏ ተነስታ ፊቷን የምትታጠብበት 1 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ፣ ይውጣ። የተማሪ ፊልም ሁሉ ለምን ከእንቅልፍ በመነሳት እንደሚጀምር ገብቶኝ አያውቅም። ልጁና ጓደኛው ሐይቅ ዳር ቆመው የሚያወሩበት 2 ደቂቃ ተኩል፣ ይውጣ፣ ለነገሩ አንድም ቃል አይሰማም። ለቅሶው 4 ደቂቃ ከ20። ይህን ሁሉ ስትቀንሺ 8 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ይቀርሻል። የሚቀረው 80 ገደማ ሾት፣ ማለትም ሳይቆረጥ የሚታይ ቁራጭ ነው። ከእያንዳንዱ ራስና ጭራ በድምሩ ግማሽ ሰከንድ ብትከረክሚ 40 ሰከንድ ይወጣል። ሰዎችሽ በር ከፍተው እስኪገቡ አትጠብቂ፣ ከገቡ በኋላ ጀምሪ። ሰርግ ላይ እንኳ ሙሽራዋ ከመኪና እስክትወርድ 6 ደቂቃ የሚታገስ ዘመድ ብቻ ነው።

ከመቁረጥሽ በፊት ግን ያለውን ታይምላይን (ምስሉና ድምጹ የተደረደረበትን የኤዲት ሥራ) ኮፒ አድርገሽ አስቀምጪ። ዋናው ቀረጻም ሁለት ቦታ ይኑር፤ አንዱ ላፕቶፕሽ ላይ፣ ሌላው ሌላ ሰው ቤት ባለ ሃርድ ዲስክ ላይ። ለምን እንደምልሽ ታውቂያለሽ።

በቁርጥ የማይድን አንድ ችግር አለ። አሞራ ገደል ላይ እናትየዋ ልጇን ስታይ ወደ ቀኝ ታያለች። ልጁ ቀና ሲል እሱም ወደ ቀኝ ያያል። ስለዚህ የተያዩ አይመስሉም፤ ሁለቱም ሌላ ሦስተኛ ሰው እያዩ ይመስላሉ። የሷን ሾት በኤዲት ልገልብጠው ትዪ ይሆናል። እንዳታደርጊው፣ ከኋላዋ ያለው የምግብ ቤቱ ታፔላ ጽሑፍ ይገለበጣል። ያለሽ አማራጭ የአክስትሽን ፊት እንደገና መቅረጽ ነው። አንድ ክሎዝ አፕ ብቻ። በእናትና በልጅ መካከል ገመድ ተወጥሯል ብለሽ አስቢ። የልጁን ሾት ስትቀርጹ ካሜራው ከገመዱ በየትኛው ወገን እንደነበር አስታውሺ። አሁንም ከዚያው ወገን ቁሚ፣ ገመዱን አትሻገሪ። ያኔ እሱ ወደ ቀኝ ሲያይ እሷ ወደ ግራ ታያለች፣ ዓይን ለዓይን ይጋጠማሉ። ያንን አንድ ክሎዝ አፕ ካላገኘሽ ከሰሉም አይሠራም።

ስለ ብርሃኑ ተጠንቀቂ። ሐይቁ ከከተማው በስተምዕራብ ነው። ጠዋት ላይ ወደ ውሃው የቆመ ሰው ፀሐይዋ በጀርባው ናት፣ ፊቱ ይጠቁራል። የድሮው ሾትሽ ላይ የአክስትሽ ዓይን የማይታየው ለዚያ ነው። መፍትሔው ውድ አይደለም። ነጭ አንሶላ ሁለት ልጆች ወጥረው ፊት ለፊቷ፣ ከካሜራው ጎን ይቁሙ። ፀሐይዋ አንሶላው ላይ አርፋ ፊቷ ላይ ትመለሳለች። የቀረጻችሁት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ነው ብለሽኛል። አሁንም በዚያው ሰዓት ሂዱ። 6 ሰዓት ላይ ብትሄዱ ፀሐይ አናት ላይ ትወጣና ዓይኗ ሥር ጥላ ይወርዳል፣ ከቀሪው ሾት ጋር አይገጥምም።

ከትምህርት ክፍላችሁ የትብብር ደብዳቤ ይዛችሁ ሂዱ። ባለፈው «ለምን ትቀርጻላችሁ» ተብላችሁ ግማሽ ቀን እንደቆማችሁ ጽፈሽልኛል። ማህተም ያለበት ወረቀት ብዙ ንግግር ያሳጥራል። አሳ አጥማጆቹንም አስፈቅዱ፣ ፊታቸው የሚታይ ከሆነ በተለይ። ሲጨርሱም አሳ ግዟቸው፣ ለምሳ ትበሉታላችሁ።

እዚያው እያላችሁ ድምጽ ሰብስቡ። ዋናው ሥራሽ ይህ ነው ብል አላጋነንኩም። የተበላሸውን ንግግር በኤዲቲንግ ሶፍትዌር ለማጽዳት እንደሞከርሽ ይሰማል። ሰዎቹ በርሜል ውስጥ ሆነው የሚያወሩ ይመስላሉ። ተዪው። አሞራ ገደል ላይ እናትና ልጅ ምን ይናገራሉ? ስክሪፕቱ ላይ «አንተ! እዚህ ምን ትሠራለህ?» ትለዋለች። አትበለው። ትየው ብቻ። ንግግሩን ሙሉ በሙሉ አውጪና ቦታውን በሌላ ድምጽ ሙይው።

ሌላ ስልክ ያዢ። ቪዲዮ ሳይሆን ድምጽ ብቻ ቅጂ። ማይኩን ከንፋስ ለመከለል ወፍራም የሱፍ ካልሲ አልብሺው። የምታገኚ ከሆነ ኮሌታ ላይ የሚሰካውን ማይክ ተዋሺ። ከዚያ ወደ ድምጹ ቅረቢ። ቢላዋ የአሳውን ቅርፊት ሲፍቅ፣ አንድ ክንድ ርቀት ላይ። ውሃው የጀልባውን ጎን ሲመታ። አሞራዎቹ አንጀት ሲሻሙ ክንፋቸው ሲርገፈገፍ። መረቡ ከውሃ ሲወጣ የሚንጠባጠበው። እያንዳንዱን ቢያንስ 1 ደቂቃ። እናትየዋ ልጇን በምታይበት ቅጽበት ጫጫታውን ሁሉ ቀስ አድርገሽ ቀንሺና የቢላዋውን ፍቅፍቅታ ብቻ ተዪ። ከዚያ ምስሉ ሳይቀየር በፊት፣ እሷ ገና ሐይቁ ዳር ቆማ እያለች፣ የማራገቢያው ድምጽ ይጀምር። አንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ይቅደም። ጆሮአችን ቤት ይገባል፣ ዓይናችን ተከትሎ ይገባል።

ቤት ውስጥ የሚባሉትን ጥቂት ቃላት እንደገና መቅዳት ትችያለሽ። ትንሽ መኝታ ቤት ይሁን። መስኮቱን በጋቢና በብርድ ልብስ ሸፍኚ። አክስትሽ ስልኩ ላይ ራሷን እያየች ትድገመው። ከንፈሯ ካልገጠመ ጀርባዋ የሚታይበትን ሾት ተጠቀሚ። የቤቱን ዝምታም 30 ሰከንድ ቅጂ፣ ማንም ሳይናገር። ንግግር በተቆረጠበት ቦታ ድምጹ ቋቅ እንዳይል ያንን ሥሩ ታነጥፊዋለሽ።

ቤት ውስጥ ግድግዳው ላይ ጥቁር ጥላ እየተንከባለለ የሚያልፈው ምንድነው ብለሽ ጠይቀሽኛል። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው። አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል። ዓይን አያየውም፣ ካሜራ ያየዋል። የስልክሽን ካሜራ ወደ ፕሮ ሞድ አድርጊና ሸተሩን (ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ ላይ እሰሪው፣ ጥላው ይጠፋል። እስካሁን የቀረጽሽው በሰከንድ 30 ፍሬም (ምስል) ስለሆነ አዲሱንም በ30 ቅረጺ፣ አታደባልቂ። ለሚቀጥለው ፊልምሽ ግን ከመጀመሪያው 25 ፍሬም ምረጪ፣ ከመብራታችን ጋር ይስማማል።

ከሥር ከዳር እስከ ዳር የለቀቅሽው ዘፈን ይውጣ። አንደኛ፣ ዘፈኑ ስለ እናት ነው፣ ፊልሙም ስለ እናት ነው፤ ወጥ ላይ ወጥ መጨመር ነው። ሁለተኛ፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚባል ሕግ አለ። ክፍል ውስጥ ማንም አይጠይቅሽ ይሆናል፤ ዩቲዩብ ላይ ስትጭኚው ወይም ውድድር ላይ ስትልኪው ግን ይያዝብሻል። ዶርም ውስጥ ክራር የሚጫወት ልጅ አይጠፋም። መጨረሻው ላይ 20 ሰከንድ ይጫወትልሽ፣ ፈቃዱንም በወረቀት ፈርሞ ይስጥሽ።

ከለሩን ብዙ አትነካኪ። ትራንዚሽኖቹን፣ ያንን እየተሽከረከረ የሚገባውንም፣ በሙሉ አጥፊ።

ስታስረክቢ ፉል ኤችዲ አድርገሽ ኤክስፖርት አድርጊው። በሰከንድ 10 ሜጋቢት ብታደርጊው 8 ደቂቃ ፊልም 600 ሜጋባይት አካባቢ ይሆናል። በቴሌግራም የምትልኪው ከሆነ እንደ ፋይል ላኪ። እንደ ቪዲዮ ከላክሽው ይጨመቃል፣ ለኔም የደረሰኝ እንዲያ ሆኖ ነው። በፍላሽም ያዢ። ከዚያ አንድ ቀን ቀደም ብለሽ የሚታይበት ክፍል ገብተሽ ፕሮጀክተሩ ላይ ሞክሪው። የከሰሉ ሲን ጨለማ ነው፤ ላፕቶፕ ላይ የሚታየው ፍም ፕሮጀክተር ላይ ላይታይ ይችላል። ከጠቆረ ትንሽ አብሪው።

12 ቀን ብዙ ነው። ዛሬና ነገ ቁረጪ። ቅዳሜ አክስትሽ ቤት ሂጂ፣ አሳያት፣ ስትስማማ ማክሰኞ ጠዋት አሞራ ገደል ይዘሻት ውረጂ። የነጠላዋ ጥለት አረንጓዴ ነበር። ታጥቦ ካልደረቀ ቀረጻውን ወደ ረቡዕ አድርጉት።